ረሃቡ ሄደ፣ አምሮቱ ግን አለ



ዛሬ 14 ወር ሙሉ “ልጻፈው” እያልኩ የተውኩትን ጉዳይ ላውራችሁ። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና አድርጌያለሁ። አፍሬበት ስለነበር ዝም አልኩ። በቅርቡ ግን አንዲት አንባቢ ጻፈችልኝ። እናቷ ለዚሁ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘዋል፤ የሐኪሙን ወረቀት ለእናቷ የምትተረጉመው እሷ ናት። “ምን ምን ልጠይቅ?” ትላለች። ለእሷ መልስ ስጽፍ ረዘመብኝና ለሁላችሁም ይሁን አልኩ። ብዙዎቻችሁ የወላጆቻችሁ አስተርጓሚዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ፦ “ራበኝ” እና “አማረኝ”። ራበኝ የምንለው ሆዳችን ባዶ ሲሆን ነው። አማረኝ ግን ሌላ ነው። ሆድ ጠግቦም ቢሆን አንድ የተለየ ምግብ ልባችንን ሲጠራው “አማረኝ” እንላለን፤ ስሙም አምሮት ነው። እርጉዝ ሴት በእኩለ ሌሊት “ጎመን በሥጋ አማረኝ” ካለች ባልየው ተነስቶ መላ ይፈልጋል እንጂ “አሁን በልተሽ አልነበር?” አይላትም። “አማረ” ብቻውን ሲቆም ደግሞ “ቆንጆ ሆነ” ማለት ነው። በሁለቱም ቃላት ውስጥ አድራጊው እኔ አይደለሁም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው በእኔ ላይ ይመጣል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት እኔም ሁለቱን አልለያቸውም ነበር።

ለማስተርስ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ስመጣ 24 ዓመቴ፣ ክብደቴም 79 ኪሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ወንበር ላይ አሳለፍኩት። የሶፍትዌር ሥራ ሰውን ከወንበር አያስነሳም፤ ሌሊት አንድ ሲስተም ሲወድቅ ደግሞ ከጎኔ ፒዛ አይጠፋም። በ35 ዓመቴ 138 ኪሎ ደረስኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው። አገር ቤት ስሄድ ዘመዶቼ “ተመችቶሃል!” ይሉኛል። ምስጋና ነው። እዚህ ሐኪሙ ደግሞ “ስኳር፣ የደም ግፊት” ብለው ጻፉብኝ።

“መርፌውን ለምን አልሞከርክም?” የሚለኝ ብዙ ሰው አለ። ሞክሬዋለሁ። ሴማግሉታይድ የሚባለውን 7 ወር ወሰድኩ፤ 15 ኪሎ ቀነስኩ፤ አምሮቱም ጸጥ አለልኝ። ከዚያ ኢንሹራንሴ “ከእንግዲህ አልከፍልም” አለ። ብዙም ሳይቆይ 15ቱም ኪሎ ከነአምሮቱ ተመልሶ መጣ።

ቀዶ ጥገናው ለማን ይሁን የሚለውን ለብዙ ዓመታት የወሰነው በ1991 የወጣ መመሪያ ነበር። በ2022 አንድ የአሜሪካና አንድ ዓለም አቀፍ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አዲስ መመሪያ አወጡ። ክብደትን በኪሎ ወስዳችሁ ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር 35 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ በሽታ ባይኖርም ቀዶ ጥገናው ይመከራል፤ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይታሰባል። የእኔ ቁጥር 44 ነበር።

የተደረገልኝ ስሊቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ከጨጓራ ውስጥ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ቀጭን ቱቦ የሸሚዝ እጅጌ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ነው። ሐኪሜ “ለተወሰነ ጊዜ ረሃብ የሚባል ነገር ላይሰማህ ይችላል” ሲሉኝ ሳቅሁ። እውነታቸውን ነበር።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በየቀኑ አራት ዓይነት ክኒን እወስድ ነበር። ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ፣ ለግፊት ሊሲኖፕሪል ሽንት ከሚያበዛ መድኃኒት ጋር በአንድ ክኒን የተቀላቀለ፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አንድ ሌላ። ጉልበቴን ሲያመኝ አይቡፕሮፌን እጨምራለሁ። ነገሮችን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሙያ ልማዴ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል ልገባ በዋዜማው 28 ክፍል ባለው የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ የአራት ሳምንት ክኒን ደርድሬ አስቀመጥኩ። ስመለስ ምንም እንዳላስብ ብዬ ነው። ኮርቼም ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ አዲስ ዝርዝር ሰጡኝ፤ አምስት ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ “ግሊፒዛይድ ይቁም፤ የግፊቱ ክኒን እስከ ቀጠሮህ ይቁም” ይላል። ነርሷ አንብባልኛለች። እኔም ከማደንዘዣው በደንብ ሳልነቃ “እሺ” ብያለሁ። ወረቀቱ ከሻንጣው ኪስ አልወጣም።

እማዬ ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የምወስደው የሕመም ማስታገሻና የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ብቻ ነበር። በስምንተኛው ቀን ትንሽ ሲሻለኝ ሳጥኑን ከአጥሚቱ ጋር አቀረበችልኝ። አጥሚት ለአራስና ለታመመ ሰው የሚሠራ ቀጭን የሚጠጣ ምግብ ነው። “መድኃኒትህን እኮ ረሳኸው፣ ልጄ” አለችኝ። እውነትም የረሳሁት መሰለኝ። ሁሉንም ፈጭቼ ጠጣሁ። በማግስቱም እንዲሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሳለ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ስልኬ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየዋለሁ፣ ግን ማንበብ አልቻልኩም። እማዬ “ምች ነው” አለች። ምች ድንገት ይመታል የሚባል ሕመም ነው፤ ዳማከሴ ብታገኝ ኖሮ ቅጠሉን አሽታ ታሸተኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የስኳር መለኪያው 52 አሳየ።

ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። ደንቡ 15 ግራም ስኳር ወስዶ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ፣ እንደገና መለካት ነው። ሆዴ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ስኒ እንኳ አይሞላም። እማዬ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጣ ቀስ እያለች በማንኪያ አጠጣችኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 63። ደገምን። 88። በዚህ ሁሉ ጊዜ እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም። እጇ ግን እንደ እኔው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግሊፒዛይድ የሚሠራው ቆሽትን “ኢንሱሊን አውጣ” እያለ በመገፋፋት ነው። ሰውየው ይብላ፣ አይብላ አይጠይቅም። እኔ በቀን ጥቂት ስኒ ፈሳሽ እየጠጣሁ ክኒኑ ግን ለያኔው ፒዛ እየሠራ ነበር።

ሆስፒታሉ በሰጠኝ ቁጥር ደወልኩ፤ ከአንዲት ፋርማሲስት ጋር አገናኙኝ። መጀመሪያ ግፊቴን አስለካችኝ፤ 94 በ60። ከዚያ “28ቱንም ክፍል ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው” አለች። አንድ በአንድ ስም እያነበብኩላት ለየናቸው። “እነዚህ ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ ለሚበላ ሰው የታዘዙ ናቸው” አለችኝ። “አንተ አሁን ያ ሰው አይደለህም።”

ግሊፒዛይዱ ተጣለ። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ከእነ ጓደኛው ቆመ፤ ውሃ በስኒ የሚጠጣ ሰው ያለችውን ውሃ የሚያስወጣ ክኒን አያስፈልገውም። ሜትፎርሚኑ ቀጠለ፣ ግን ተቀየረ። የእኔ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራው ዓይነት ነበር። እንደዚያ ያለ ክኒን አይፈጭም፤ ከተፈጨ ለሰዓታት የተመደበውን መጠን በአንዴ ይለቀዋል። እኔ ሁለት ቀን ፈጭቼዋለሁ። አይቡፕሮፌን ጨጓራን ስለሚያቆስል ከእንግዲህ አይነካም፤ ለጉልበቴ ታይሌኖል ብቻ። ጉልበቴስ ቢሆን ከወራት በኋላ የሚሸከመው ሲቀንስለት ዝም አለ።

በመጨረሻ “ሌላ የምትወስደው ነገር አለ? ሻይ፣ ቅጠል፣ ዱቄት?” ብላ ጠየቀችኝ። “የለም” ልል ስል እማዬ “ምን አለችህ?” አለች። ተረጎምኩላት። ትንሽ ዝም ብላ “አጥሚቱ ውስጥ አብሽ አለበት” አለች። “ለስኳር ጥሩ ነው ብዬ ነው።” ከሻንጣዋም የሽፈራው ቅጠል ዱቄት አወጣች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጀችው ነበር። ፋርማሲስቷ አልተቆጣችም። ሁለቱም የደም ስኳርን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ዝርዝሩ ላይ ይጻፉ፣ ለጊዜውም ይቆዩ አለች። እማዬ “አብሽ” የሚለውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈቻት።

እንግዲህ ለጻፈችልኝ እህታችን የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። እናትሽን “ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?” ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። አብሽ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ ለእናቶቻችን መድኃኒት አይደሉም፤ የቤት ነገር ናቸው። “ምን ትጠጫለሽ? ከአገር ቤት ምን መጣልሽ?” ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሙንም ስለ እያንዳንዱ ክኒን በየተራ ጠይቂ፦ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ይፈጫል ወይስ አይፈጭም? በስንት ቀን እንደገና ይታያል? ደግሞ እኔ ያቆምኩትን መድኃኒት በእኔ ቃል እናትሽን አታስቁሚ። የእኔ ዝርዝር የእኔ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ አሉ፣ የልብ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ፣ የጭንቀት መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ከእነዚህ አንዳንዱን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው።

ፍራንክፈርት ያለች ጓደኛዬ ሌላ ዓይነት ቀዶ ጥገና ነው የተደረገላት፤ ባይፓስ። የእሷ ምግብ ከትንሿ ጨጓራ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንድ ቀን እንደ ድሮው ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥታ ልቧ እየደለቀ፣ ሆዷን እየቆረጣት አንድ ሰዓት ተኛች። የታይሮይድ ክኒኗንም ከካልሲየም ጋር ትውጠው ስለነበር እየሠራላት አልነበረም። በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያስፈልጋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም ከባይፓስ በኋላ እንደ ድሮው አስተማማኝ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ይቆይ ይላሉ። ይህን እናት ፊት መተርጎም እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ቢሆንም ተርጉሙት።

ወደ አምሮት እንመለስ።

ረሃቡ እውነትም ሄደ። ለመብላት ስልኬ ላይ ማንቂያ እሞላ ነበር። አምሮቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀረም። ከምሽቱ 5 ሰዓት (በፈረንጅ ቆጠራ 11 ሰዓት ማለት ነው) ኮድ እየጻፍኩ ሳለ የቁሌት ሽታ ይመጣብኛል። ቁሌት ሽንኩርትና በርበሬ አብረው ሲቁላሉ የሚሆነው ነው። ቤቱ ውስጥ ማንም አልቁላላም። ሆዴ ጸጥ ብሏል፣ ጭንቅላቴ ግን ድግስ ላይ ነው። ያኔ ነው ሁለቱ ቃላት የተለዩልኝ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ፒዛውን የበላሁት ርቦኝ አልነበረም።

የተፈጨ ምግብ ሲፈቀድልኝ ሽሮ ተገኘ። ሽሮ ለዚህ ጊዜ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ለስላሳ ነው፣ ከሽምብራና ከአተር የሚመጣ ፕሮቲን አለው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ስለሚፈለግብኝ እማዬ አይብ ትጨምርበታለች። ሦስት ማንኪያ በልቼ ጠገብኩ። አምሮቱ ለሁለት ቀን ተወኝ። ከዚያ የተማርኩት፣ አምሮት የሚፈልገው ጣዕሙን እንጂ ሰሃን ሙሉውን አለመሆኑን ነው። ጣዕሙን ስከለክለው ግን ይብስበታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቫኒላ የፕሮቲን መጠጥ ብቻ የጠጣ ሰው ይህን ያውቃል።

በሰባተኛው ሳምንት ግን ቸኮልኩ። እንጀራ አማረኝ። ሁለት ጣት የምታክል ቆርሼ፣ እንደ ልማዴ ሳላኝክ ዋጥኩና ውሃ ጠጣሁበት። ደረቴ ውስጥ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። አፌ ምራቅ ሞላ፤ 40 ደቂቃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። እንጀራ ደግሞ እንደሚታወቀው ስፖንጅ ነው። ጥፋቱ የእንጀራው አይደለም። ማስታወክ ለቀናት ከቀጠለ ግን በቤት የሚያስታምሙት ነገር አይደለም፤ ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል፣ ነርቭን ይጎዳል። ቶሎ ሐኪም ጋ ነው።

በስድስተኛው ወር አንድ እንግዳ አምሮት መጣ። በረዶ። ቢሮ ካለው ማሽን በረዶ በኩባያ እየሞላሁ ቀኑን ሙሉ ስቆረጥም እውላለሁ። በስብሰባ ላይ ባልደረቦቼ “ማይክራፎንህን ዝጋልን” ይሉኝ ነበር። እማዬ በስልክ ሰምታኝ “አንተን ሳረግዝ እኔን ያማረኝ አፈር ነበር” አለች። ቀልድ መስሎኝ ለሐኪሜ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም፤ ደም አስመረመሩኝ። የብረት ክምችቴ አልቆ ነበር። በረዶ የመቆርጠም አምሮት የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው።

ብረቱን አላቋረጥኩም። ያበላሸሁት ሰዓቱን ነው። ጠዋት ጠዋት ብረቱንና ካልሲየሙን አንድ ላይ አድርጌ በቡና እውጣቸው ነበር። ካልሲየም ብረትን ይሻማዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። የአሲድ መቀነሻውም የራሱን ድርሻ ጨምሯል። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ላይ ሲጽፉ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ በራሴ ሆድ ግን አላሰብኩትም። አሁን ብረቱ ማታ ነው፣ ከጥቂት ብርቱካን ጋር። ካልሲየም ሲትሬት 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከብረቱ ሁለት ሰዓት ርቆ። ቫይታሚን ቢ12 እና ዲ ከምሳ ጋር። ቡናዬን አልተውኩም፤ አቦሏን ብቻ፣ ያለ ስኳር። በሦስት ሳምንት ውስጥ የበረዶው አምሮት ጠፋ።

ጾምም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያለ እንቁላልና ያለ አይብ 60 ግራም ፕሮቲን መሙላት ለእኔ ዓይነት ሆድ ከባድ ነው። የነፍስ አባቴ ነገሩን ሰምተው “ዘንድሮ ብላ” አሉኝ። እማዬ ግን እስኪሉ ድረስ እንቁላሉን አልቀቀለችም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ሙስሊም አንባቢዎቼም ረመዳን ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣቱን ቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ሌሊት ላይ በአንዴ ጠጥቶ ማካካስ በዚህ ሆድ አይቻልም።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ተዳረች፤ እማዬም ለሠርጉ መጣች። አሁን 98 ኪሎ ነኝ። ሜትፎርሚን በግማሽ ቀርቷል፤ የግፊቱ ክኒን ከሦስት ወር በኋላ ተመልሷል፣ ሽንት የሚያበዛው ሳይኖርበት። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች “ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?” ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ጠጅ ሲቀርብ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አሳለፍኩት፤ አሁን መጠጥ ቶሎ ነው የሚወጣብኝ።

ከዚያ ክትፎው መጣ፤ ለብለብ፣ ከአይብ ጋር። አልራበኝም ነበር። አማረኝ።

እማዬ ፊቴን አይታ አወቀች። እጇን ታጥባ መጣችና የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጉርሻ ጠቀለለች። አጎረሰችኝ። ማኘክ ጀመርኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነው።

“ዋጥከው?”

ራሴን ነቀነቅሁ፤ ገና ነኝ።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት “አንድ ያጣላል! ድገሚው እንጂ!” አሏት።

እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየች። “ሁለተኛው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው፣ አባባ” አለቻቸው።